ከመሪው ሥር ያለችው ማብሪያ

አቶ ሰይፈሥላሴ መኪናውን የሸጠልኝ እሑድ ማለዳ ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እያወራን እጄን ኮፈኑ ላይ ጣል ሳደርግ ትኩስ ነበር።

«አሁን ከቤተ ክርስቲያን መምጣቴ ስለሆነ ነው የሞቀው» አለኝ። እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከግቢው ጋር አጥር ይጋራል። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ነው ሲሳለም የኖረው። ይህን መላው ሰፈር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ በዚያ ማለዳ ግን አላሰብኩትም። ሊሸጥ የቆመ መኪና ገዢው ሳይደርስ ከሞቀ፣ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ጉዱን ይናገራል፤ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ያንኳኳል፣ ይንገዳገዳል። አስቀድመው ያሞቁት ሞተር ግን እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ጸጥ ይላል።

ፊት ለፊት ሲሆን ሰይፈሥላሴን አንቱ እለዋለሁ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚህ ግን አንቱ አልለውም፤ ምክንያቱን ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

ልጄን ግሩምን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጄ ነው ማለት ነው። በእኛ ሰፈር፣ በኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር፣ አበልጅ ከወንድም አያንስም። በዚያ ላይ የዕድራችን ዳኛ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ሰው ሲጣላ ነገሩ የሚበርደው በእሱ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሰው መኪናውን ሲሸጥልህ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጋራዥ ወስጄ ላስመርምረው» አትለውም። እንዲያ ማለት «ሌባ ነህ» ብሎ ፊቱ ላይ እንደመናገር ይቆጠራል። ይሉኝታ ይዞን ስንቶቻችን ዝም ብለን እንደገዛን፣ ዝም ብለን እንዳገባን፣ ዝም ብለን እንደተቃጠልን ቢጻፍ አገሩን ይሞላል። ሌላው ሰው ከማያውቀው ሲገዛ ይጠነቀቃል። እኛ ከምናውቀው ስንገዛ ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ዓይን መጨፈናችንንም ጨዋነት እንለዋለን።

እኔ እንኳ ጋራዥ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ አንስቼው ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

«ወልዬ፣ እኔ? አንቺን?» አለ። ከዚያ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ግሩም ይሙት! ይህ መኪና ዘይት ከመቀየር በቀር ጋራዥ ገብቶ አያውቅም።»

በልጄ ሕይወት ነው የማለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ አለኝ። ለአንድ መኪና ሲል በእሱ ማለ። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መኪናዋ ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከጂፕ ዝቅ የምትል፣ ደላሎች ክሮስኦቨር የሚሏት ዓይነት ናት። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና ያለው ሰው እንደ ሙሽራ አባት ይኮራል፤ ጠያቂው ብዙ፣ ልጅቷ አንድ ናት። ሰይፈሥላሴ ራሱ እየነዳ እስከ ጦር ኃይሎች ወስዶ መለሰኝ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ በእሑድ ማለዳ ባዶ ነው። ማቀዝቀዣውን ልክፈት ስል «ብርድ ነው፣ ጉንፋን ይይዝሻል» አለኝ። መዝሙር ከፍ አድርጎ ከፈተ። ያን ጊዜ መንፈሳዊነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። መዝሙሩ የተከፈተው የጎማው ኩሽኔታ ተበልቶ እንደ ወፍጮ ስለሚያጉረመርም መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እግዚአብሔርን ለኩሽኔታ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ከእሱ በፊት አላየሁም።

ውል ስንፈርም ሁሉም የሚፈርማት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «መኪናውን አይቼ፣ ሞክሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ።» ፈረምኩ።

ክረምቱ ሳያልቅ እናቴን ለሕክምና ቀጠሮ ይዣት ስሄድ፣ ዳገት ላይ፣ መኪና በተጨናነቀበት፣ የሙቀት መለኪያዋ ቀይ መስመር ነካች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ቀጠሮው አለፈ። አላፊ አግዳሚው በመስኮት እያየን «ውኃ ጨምሪበት!» እያለ ይስቃል። እናቴ አልተቆጣችም። «መኪናው እኮ የአበልጅሽ ነው፤ ምን ሆነብሽ?» ብቻ ነው ያለችው።

መኪናዋን የወሰድኩበት ጋራዥ የገረሱ ነው። ገረሱ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ሥራውን እየተሳደበ የሚሠራ፣ ሒሳብ ላይ ግን የማያጭበረብር ሰው ነው። የሞተሩን ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉትን፣ ፈትቶ አሳየኝ።

«እትዬ፣ ተጣሟል። ሙቀት ነው ያጣመመው።»

«እኔ ነኝ ያጣመምኩት?»

«ዛሬ አንቺ ነሽ። ባለፈው ግን አንቺ አይደለሽም።» ጣቱን በብረቱ ላይ አንሸራተተ። «ይሄውልሽ፣ ከዚህ በፊትም ተጣሞ ቶርኖ ቤት ገብቶ፣ እንዲስተካከል ተልጓል። ሞተሩ ሲፈላ የመጀመሪያው አይደለም።»

ሰይፈሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር፤ እንድቀመጥ አልጋበዘኝም። የገረሱን ቃል ነገርኩት።

«ወልዬ፣ ሴት ስትነዳ እንዲህ ነው» አለኝ፣ በሐዘኔታ ዓይነት። «ውኃ ማየት የለ፣ ዘይት ማየት የለ፤ መርገጥ ብቻ። እኔ ስይዘው ምን ሆኖ ያውቃል? አይተሽ፣ ሞክረሽ፣ ወድደሽ ነው የገዛሽው። ፊርማሽ አለ።»

«በግሩም ምለዋል» አልኩት።

«ብምልስ? ልጁ ሞተ እንዴ?»

ወጣሁ። እዚያው በር ላይ ቆሜ በዕድራችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ጻፍኩ፦ «የዕድራችን ዳኛ የታመመ መኪና በልጄ ስም ምለው ሸጡልኝ።» ሌላ አልጨመርኩም። እውነት አጭር ስትሆን ይበልጥ ታናድዳለች።

በማግስቱ ክስ መጣብኝ፤ ከሳሹ ግን እሱ ነው። የዕድሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ «ስሜን አጠፋች» አለ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ቆሜ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እምቢ ካልኩ ከዕድሩ እንድወጣ ጠየቀ። መልእክቱን ያመጡልኝ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሌላም ጨመሩ። ሰይፈሥላሴ «እናቷን ማን እንደሚቀብርላት እናያለን» ብሏል አሉኝ።

ይህችን ስሰማ ቁጣዬ በረደ። በረደ ስል ጠፋ ማለቴ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጮኼ፣ ተሳድቤ፣ በር ደብድቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ጩኸቱን ተውኩት። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ምን ምን እንደሚደበቅ መማር ጀመርኩ። የገረሱ ጋራዥ ውስጥ ጄሪካን ገልብጬ እየተቀመጥኩ ጠየቅሁት፣ ማታ ማታ አነበብኩ። ከሥር በጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ፣ የመኪናው የብረት አጥንት፣ ዝገት ይሸፍናል። ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ አምፖሉን ያወጣው አለ። አውቶማቲክ ካምቢዮው ቀዝቃዛ ሳለ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ሲሞቅ ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሻጭ ዳገት አያስነዳህም። ያነበብኩት በሙሉ በእኔ መኪና ላይ ነበር። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የተፋቀ ሰነድ አይቼ አውቃለሁ። እንደዚህች መኪና የተፋቀ ግን አላየሁም።

ማብሪያዋን ያገኘሁት ግን ሳልፈልጋት ነው። መኪናዋ ተጠግና ልወስዳት ስል መነጽሬ ወደቀብኝ። ጎንበስ ብዬ ከመሪው ሥር ስዳብስ፣ ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ ከላይ በማይታይ ቦታ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ነገር ነካሁ። ስጫናት ቀጭ አለች። ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር፣ አንድ ነገር እየጮኸ መዞር ጀመረ።

«ገረሱ!»

መጥቶ አጎነበሰ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። «ሰውዬው ጎበዝ ነው! ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን አለ አይደል? ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ መነሳት ነበረበት። የሚያስነሳው ተቃጥሏል። ማሠራት ውድ ሲሆንበት በድብቅ በእጅ የሚበራ አድርጎታል። መለኪያው ከፍ ሲል ቀጭ፣ ሲወርድ ቀጭ። ዓመታት እንዲህ ነድቷል።»

«እኔ ስገዛ ለምን አልነገረኝም?»

«ቢነግርሽ ትገዢው ነበር?»

መሪው ላይ እጄን አሳርፌ ተቀመጥኩ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። አንዲት የጣት ንክኪ ነበረች የጎደለችን። «እዚህ ጋ ንኪ» ቢለኝ ኖሮ ይበቃ ነበር። ዋጋው እንዳይወርድበት ብሎ እናቴን አስፋልት ዳር አስቀመጣት፤ ጥፋቱንም በእኔ ላይ ለጠፈው።

«ገረሱ፣ ይህን ማብሪያ እዚያው ተወው» አልኩት። «ሽቦውን ግን ከወዲያኛው በኩል ቁረጠው።»

«ምን?»

«ሲጫኑት ቀጭ ይበል። ፋኑ ግን አይነሳ።»

«እትዬ፣ ቴስታታው እንደገና ይሄዳል! አሁን እኮ ነው የሠራሁት።»

«ይሂድ።»

ገረሱ አየኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ አንቺን አላስቀይምም፣ ማርያምን» አለና ሽቦውን ቆረጠ።

ሰይፈሥላሴ መኪናውን ዓመታት ነድቶታል። ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም። መለኪያዋ ስትወጣ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው እጁ ሲሄድ ሦስት ሽማግሌዎች እንዲያዩት ብቻ ነበር።

ሽምግልናው በአቶ ይመር ግቢ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። አቶ ይመር በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያረጁ፣ ቃል ሲናገሩ እንደሚመዝኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቄስ ባምላኩ ከአጠገባቸው ነበሩ። ሦስተኛው ጋሽ ጉዲሳ ናቸው፤ ሆዳቸው ትልቅ፣ ቀልዳቸው ከሆዳቸው የሚበልጥ። ሰይፈሥላሴ ጋቢውን ለብሶ፣ የተበደለ ሰው ሆኖ ተቀምጧል።

«ልጄ» አሉኝ አቶ ይመር፣ «ታላቅሽ ነው፤ አበልጅሽ ነው። አፍሽ አምልጦሽ ጽፈሻል። ዛሬ እዚህ ይቅርታ ብትይ፣ በስብሰባውም ብትደግሚው፣ ነገሩ ያልቃል።»

ተነሣሁ። «እሺ፣ አባቴ። እጠይቃለሁ። ጉልበታቸውን ስሜ እጠይቃለሁ።»

ሰይፈሥላሴ ጋቢውን አስተካከለ። እንዲያ ቶሎ እሸነፋለሁ ብሎ አልጠበቀም።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩ። «አበልጄ መኪናው ጤነኛ ነው፣ ያበላሸችው የሴት እጅ ናት ይላሉ። እንግዲያው የእርሳቸው እጅ ይንዳው። አሁን ተጠግኗል፣ ውኃውም ዘይቱም ሙሉ ነው፣ ጋሽ ጉዲሳ ይዩት። ሁላችንም እንግባና ወደ ፊሊዶሮ ዳገቱን እንውጣ። ላይ ከደረሰ እዚያው መሬት ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ምነው ዳገት?» አለ ሰይፈሥላሴ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ሰንበት ነው። ሽማግሌዎችን በሰንበት ማንገላታት…»

ቄስ ባምላኩ ፈገግ አሉ። «ሰይፈ፣ መንዳት አይከለከልም። አንተም እኮ በሰንበት ነው የሸጥክላት።»

ጋሽ ጉዲሳ ቀድመው ተነሡ። «እኔ ከፊት! ይህ ሆድ ከኋላ አይገባም። ሰይፈ፣ ና እንጂ፤ በነፃ ሽርሽር ተገኝቶ?»

አምስታችን ገባን። እኔ ከኋላ በአቶ ይመርና በቄሱ መካከል ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ የሰይፈሥላሴ ሁለቱም እጆች ይታያሉ። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ወዲያው መዝሙር ከፈተ።

«አበልጄ፣ ይዝጉልን፤ አባ የሚነግሩን ይኖራቸዋል» አልኩ።

ዘጋ። 18 ማዞሪያን ዞረን፣ ሚኒባሶቹን አልፈን ፍጥነት ስንጨምር ከኋላ ጎማ ጉርምርምታ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው የሚያጓራው?» አሉ ጋሽ ጉዲሳ። «እኔ ነኝ እንዳትሉ፣ ቁርስ በልቻለሁ።»

«ኩሽኔታ ነው» አልኩ። «በመዝሙር ነበር የሚሸፈነው።»

አቶ ይመር ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝና ወደ መንገዱ ተመለሱ።

«አየሩንም ይክፈቱልን» አልኩ። «አባ ሞቋቸዋል።»

«አየር ነዳጅ ይፈጃል።»

«ነዳጁን እኔ ነኝ የሞላሁት፣ አበልጄ።»

ከፈተ። ዳገቱ ተጀመረ። ቀትር ነው፤ አምስት ሰው ተጭኗል፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ካምቢዮው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የቄሱ መስቀል ደረታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰይፈሥላሴ ድንገት ጥግ ይዞ ቆመ። መስኮቱን አውርዶ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰላም ይል ጀመር፤ እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ። በኮልፌ ከብት!

«ሰላምታው በመልስ ይሁን» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ ምሳቸውን አልበሉም።»

ተነሣ። ትንሽ ሄዶ አሁንም ቆመ፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ኖሯል። ጠጠሯን ፈልጎ አጣት። ጋሽ ጉዲሳ ሳቃቸውን ተዉ። መጠርጠር የጀመሩ ይመስለኛል። እኔ ግን የማየው መለኪያዋን ነው። መካከል ላይ ነበረች፤ ከመካከል አለፈች።

እጁ ከመሪው ወረደ። ጉልበቱ ላይ አረፈ። ተመልሶ መሪውን ያዘ። አወቅሁት፤ እየታገለው ነበር። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ያውቃል። ዳገቱ ግን አልቀለለም፤ መለኪያዋም አልቆመችም። ለአንድ አፍታ ፈራሁ፤ መኪናውን አቁሞ «ደክሞኛል» ቢልስ? ቢል ኖሮ እኔ ነበርኩ የምንበረከከው። እናቴንም ማን እንደሚቀብራት አላውቅም ነበር።

መለኪያዋ ቀዩን ልትነካ ስትል እጁ ሄደ። አላየም፣ አልፈለገም፣ አልዳበሰም። የገዛ ኪሱ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ከመሪው ሥር ገብቶ ተጫነ። ቀጭ።

ምንም አልተነሣም።

ቀጭ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ይህን ማን ነው የነቀለው?» ብሎ ጮኸ። «ፋኑን ማን ነው የነካው?»

ከዚያ አፉን ዘጋ። ቃሉ ግን ወጥቷል። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ተንፎለፎለ፤ ጋሽ ጉዲሳ «ወይኔ ጉዴ!» ብለው በሩን ከፍተው ወረዱ። ሁላችንም ወረድን። መኪናዋ ዳገቱ መካከል ቆማ እንደ ድስት ትፈላለች። ሕፃናትና ጎረምሶች ከየበሩ ብቅ አሉ።

አቶ ይመር ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውን አላነሡም።

«ሰይፈ፣ ምኑን ነው ማን ነቀለው ያልከው?»

«ይቺ… ይቺ ሴት ሽቦውን ቆርጣዋለች! ሆን ብላ! አያችኋት?»

«የምንን ሽቦ?»

ሰይፈሥላሴ ወደ እንፋሎቱ ዞረ።

አቶ ይመር ወደ ሾፌሩ በር ሄደው አጎነበሱ። እጃቸውን ከመሪው ሥር አስገብተው ብዙ ፈለጉ። በመጨረሻ ማብሪያዋን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ቀና ብለው «እኔ ፈልጌ አላገኘኋትም» አሉ። «አንተ ሳታያት አገኘሃት። እዚህ ያስገባት ማን ነው?»

«መኪናው ሲገዛም…»

«ስትሸጥላት ነግረሃታል?»

ሰይፈሥላሴ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

ቄስ ባምላኩ ወደ እኔ ዞሩ። የተቆጡት በእሱ ብቻ አልነበረም። «ልጄ፣ ሽቦውን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እያወቅሽ ሽማግሌ ጭነሽበት?»

«አባ፣ እናቴን ሳላውቅ ጭኜባት ነበር። አበልጄ ነበሩ የሚያውቁት።»

ጋሽ ጉዲሳ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ «ያም ሆነ ይህ፣ እኔ በእግሬ አልወርድም» አሉ። ሁላችንን ላወረደን ታክሲ የከፈለው ሰይፈሥላሴ ነው።

ውሳኔው አጭር ነበር። መኪናውን ከነቆመበት መልሶ ይወስዳል፤ የተቀበለውን ይመልሳል። የዕድሩን ዳኝነት ያስረክባል። በስብሰባው ቀን የማብሪያዋን ነገር በአፉ ይናገራል፤ ለእኔም ይቅርታ ይጠይቃል። አቶ ይመር «ይበቃሻል?» አሉኝ። «በልጄ የማሉትንም ያንሡት» አልኩ። ተጨመረ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተናገረ፤ ድምፁ ከፊት ወንበር አላለፈም፤ አቶ ይመር «ከፍ አድርገው» አሉት፤ ደገመው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

ወጉን ታውቃላችሁ። ታላቅ ሰው ጉልበትህን ሊስም ሲያጎነብስ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ «አይገባም፣ አይገባም» ብለህ ብብቱን ይዘህ ታነሣዋለህ። ትከሻ ለትከሻ ትሳሳማላችሁ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ማንም እስከ ጉልበት አይደርስም። ሰይፈሥላሴም እንደማነሣው አውቆ ነው ያጎነበሰው፤ ዝቅ ሲል እንኳ ቀስ ብሎ ነው፣ እጄን እየጠበቀ።

እጄን አልዘረጋሁም።

ወገቡ ታጠፈ። ቆመ፤ ጠበቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ጋሽ ጉዲሳ «ወለተ!» አሉኝ በሹክሹክታ። ጣሪያውን አየሁ። እናቴ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም «ተይ» አላለችኝም። በመጨረሻ ጉልበቱ ሲሚንቶውን ነካ፤ ከንፈሩ ቀሚሴን ነካ። ከዚያ በኋላ አነሣሁት። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። የሰው ጭብጨባ ዘግይቶ መጣ፤ ሞቅ ያለም አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንድ ሴቶች ሰላምታዬን በአጭሩ ይመልሱልኛል። ይመልሱ። እነሱ ድንጋይ ላይ አልተቀመጡም።

ይቅር አልኩ፤ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። እሱም ሰጥቷል፤ ጉዱን ሳይናገር እንደማይሸጣት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ማለዳ፣ ውኃ ልቀዳ ወደ ግቢ ስወጣ መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ፣ በሰይፈሥላሴ በር ላይ አየኋት። ታጥባ ታበራለች። አንዲት ወጣት ሴት ከባሏ ጋር ትዞራታለች፤ «ሶፊ፣ ቀለሟ ያምራል አይደል?» ይላታል ባልየው። ሰይፈሥላሴ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። እጁን ወደ ሰማይ ሊዘረጋ ሲጀምር አየሁት።

ጆጉን አስቀምጬ በነጠላ ጫማዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ሲያየኝ እጁ መካከል ላይ ቀረ።

«ወልዬ» አለ። «እባክሽ። ታርቀናል እኮ።»

«ታርቀናል፣ አበልጄ። እንደምን አደሩ?»

መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ።

«ሞቋል» አልኳት ለሶፊ። «ዛሬ ሂዱ። ነገ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ ኑ፤ እኔ እዚህ ነኝ፤ ዳገቱንም አብረን እንወጣለን።»